ዳማ፣ ባልዲውና የኔ ትከሻ

ቀን 1

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ግቢው ጭቃ ብቻ ነው። ትናንት ዳማን ትንሽ ላስሩጣት ብዬ አውጥቻት ነበር። ግማሹን ጊዜ እኔ ስንሸራተት፣ ግማሹን እሷን ሳጥብ አለፈ። ከዚያ ወሰንኩ። ክረምቱ እስኪወጣ ሥልጠናው ሳሎን ውስጥ ነው።

ዳማ ገና የዘጠኝ ወር ልጅ ናት። 14 ኪሎ ትመዝናለች። ዘሯ ቅይጥ ነው፤ ስሟን ያወጣላት ቀለሟ ነው። አንዱ ጆሮዋ ይቆማል፣ አንዱ ይተኛል። ጫማ ትሰርቃለች፣ ግን አታኝከውም። አምጥታ እግሬ ሥር ታስቀምጥና ቀና ብላ ታየኛለች። «እሺ፣ ቀጥሎስ?» የምትል ነው የሚመስለው። አጂሊቲ ሳይሆንላት አይቀርም ያልኩት ይህን አይቼ ነው።

አጂሊቲ ውሻ መሰናክል እየዘለለ፣ ዋሻ እየገባ፣ ድልድይ እየተሻገረ፣ በዘንጎች መሀል እየተጠማዘዘ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ስፖርት ነው። ባለቤቱ አብሮት ይሮጣል። ውሻውን መንካት የለም፣ ጉርሻ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። ያለው ድምፅና ሰውነት ብቻ ነው። የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ክራፍትስ በሚባለው የለንደን የውሻ ትርኢት ላይ ነው። በዝግጅቶች መሀል ተመልካቹ እንዳይሰለች ብለው ከፈረስ ዝላይ ውድድር ሐሳቡን ወሰዱ። ለጊዜ ማሳለፊያ ገብቶ የራሱን ወንበር ይዞ ቀረ።

ማታ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁት። ጠረጴዛው መኝታ ቤት ገባ። የተረፈኝ ባዶ ቦታ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። እውነተኛ ሜዳ ላይ ይሄ ለአንድ ዝላይ መንደርደሪያ እንኳ አይሆንም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ሰርከስ ልትከፍት ነው?» አለችኝ።

ቀን 2

መጀመሪያ ወለሉ። ሴራሚክ ነው፣ ያዳልጣል። ኳስ ስወረውርላት የኋላ እግሮቿ ጭቃ እንደያዘው ጎማ ባሉበት ተሽከረከሩ። ከዚያ ዳሌዋ ወደ ጎን ሄደና ግድግዳው አስቆማት። ሳቅኩ። ደገመችው፤ ሁለተኛውን አልሳቅኩም። ለወጣት ውሻ አንድ መጥፎ መንሸራተት ጉልበት ሊያበላሽ ይችላል።

ሦስት የስፖርት ምንጣፍ አገጣጥሜ አነጠፍኩ። እንዳይላቀቁ ጠርዛቸውን በፕላስተር ያዝኳቸው። ጥፍሯንም አሳጠርኩ። ጥፍሩ ከረዘመ ወለሉን ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው፤ መዳፏ አይቆነጥጥም።

በኋላ እንዳልረሳው ደግሞ ከአሁኑ ልጻፈው፦ ዝላይ የለም። የወጣት ውሻ አጥንት ጫፉ አካባቢ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለው። እሱ እስኪጠነክር፣ እንደ ውሻው ትልቅነት፣ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ በፊት በላይ በላዩ ማዘለል የሚያመጣው ጉዳት ቶሎ አይታይም። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ኤፍ ሲ አይ፣ ከ18 ወር በታች የሆነ ውሻ አጂሊቲ አይወዳደርም የሚለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የዳማ «መሰናክል» መሬት ላይ የተጋደመ የመጥረጊያ እንጨት ነው። ከፍ ቢልም ከፊት እግሯ አንጓ አያልፍም።

ቀን 4

ዕቃ ተሟላ። አንድ ባልዲ፣ አንድ ሳፋ፣ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ጣውላ። የጣውላው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የውድድሩ ድልድይም ስፋቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ ያኛው ከመሬት 1 ሜትር ከ20 እና ከዚያ በላይ ከፍ ማለቱ ነው። የኔው ወለሉ ላይ ተኝቷል። የሕፃናት መጫወቻ የሸራ ዋሻም ተዋስኩ። ስለ ዋሻው በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀን 5

ሥልጠና የሚባለው ዛሬ ተጀመረ። ሦስት ደቂቃ ሥራ፣ ዕረፍት፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ፣ በቃ። ስልኬ ላይ ሰዓት ሞላሁ፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሴ። «አንዴ ብቻ ልድገመው» የሚል አመል አለብኝ። ሁሌ ነገር የምታበላሸው ያቺ አንዴ ናት።

ክሊከር የለኝም። ክሊከር ጠቅ የምትል ትንሽ ሳጥን ናት። ድምፅዋ ለውሻው «ልክ አሁን ያደረግሽው!» ይላል፣ ጉርሻው ይከተላል። እኔ ጠቅ የሚል እስክሪብቶ ያዝኩ። ሲያዩት ቀላል ነው። ሳፋውን እንድትለምደው ብዬ፣ ወደ ሳፋው ባየች ቁጥር ጠቅ ላደርግ ነበር ያሰብኩት። ጣቴ ግን ትንሽ ትንሽ ይዘገያል። ሳፋውን ታያለች፣ ከዚያ ዞር ብላ በሩን ታያለች፣ እኔ ጠቅ። አሥር ጊዜ እንዲህ አደረግን። ዳማ አንድ ነገር አሳምራ ተማረች፦ በሩን ማየት። ኮራ ብላ በሩን ታይና ጉርሻዋን ልትቀበል ትመጣለች።

ጉርሻው የአተር ፍሬ ታክላለች፣ ከዚያ አይበልጥም። የምቀንሰውም ከዕለት ምግቧ ላይ ነው። አለዚያ ክረምቱ ሲወጣ የሚኖረኝ የሚዘል ሳይሆን የሚንከባለል ውሻ ነው።

ቀን 7

ውሻ የኋላ እግር እንዳለው አያውቅም። የፊቶቹን ያያቸዋል፤ የኋላዎቹ ዝም ብለው ይከተሉታል። ሜዳ ላይ ሩጫ ይሄ ምንም አይደለም። ድልድይ ላይ ግን የፊቶቹ መሀል መሀሉን ሲሄዱ የኋላዎቹ ጠርዙን ይስታሉ።

መድኃኒቱ ሳፋ ነው። ገለበጥኩት። ዳማ ሁለቱን የፊት እግሮቿን ሳፋው ላይ ታወጣለች። ይቺን በአንድ ቀን ያዘቻት። ቀጥሎ የሚፈለገው እኔ ጠጋ ስላት የፊቶቹ እዚያው ሳፋው ላይ ቆይተው ቂጧ ብቻ እንዲዞር ነው። እንደ ሰዓት እጅ፤ መሀሉ ሳፋው፣ ዘንጉ እሷ።

ዛሬ የሆነውን እንዳለ ልጻፍ። ጠጋ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ቆየች። ግራ የኋላ እግሯ ቀስ ብሎ ተነሳና አየር ላይ ቀረ። የት እንደሚያርፍ የጠፋው ይመስላል። ከዚያ አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን አረፈ። ጠቅ። ጉርሻዋን እያላመጠች ወደ ኋላ ዞረችና እግሯን አየችው። በደንብ አየችው። «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» ዓይነት።

ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። ሳፋውን አነሳሁ።

ቀን 9

ባልዲ መዞር። ዳማ ከጎኔ ተነስታ፣ ባልዲውን ጠጋ ብላ ዞራ፣ ትመለሳለች። መሰናክል ዘሎ ወዲያው መታጠፍ ማለት ሰውነቱ ይኸው ነው፤ የጎደለው ዝላዩ ብቻ ነው። ለሳሎን የተፈጠረ ልምምድ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ጭንቅላቷን ባልዲው ውስጥ ከተተች። ቀጥላ እጀታውን ነክሳ ባልዲውን ይዛብኝ ሸሸች። ድንጋይ ጨመርኩበት። በሦስተኛው ሦስት ደቂቃ ላይ ግማሽ ዙር ዞረች።

ለሁለቱ አቅጣጫ ሁለት ቃል መረጥኩ። በግራ በኩል «ዙሪ»፣ በቀኝ በኩል «ታጠፊ»። «ግራ» እና «ቀኝ» ያላልኩት ስሮጥ ራሴ ስለምደናገር ነው። ለውሻ ደግሞ ዋናው ድምፃቸው አለመመሳሰሉ ነው፤ ትርጉማቸውን እሷ እንደሆነ መዝገበ ቃላት አታይም።

ቀን 8፣ 10፣ 11

ሳፋ። ሳፋ። ሳፋ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ግራ ሩብ ዙር ትዞራለች። ወደ ቀኝ እምቢ። ውሻም ግራኝ አለው።

ቀን 13

ይቺን ቀን ባልጽፋት ደስ ይለኝ ነበር።

ዋሻው ሸራ ነው፣ ቀላል ነው። የውድድሩ ዋሻ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከኔው ብዙ ይከብዳል፤ እሱም ቢሆን አሸዋ በሞላ ከረጢት ተይዞ ነው የሚቀመጠው። እኔ «ለሳሎን ምን ያስፈልገዋል» ብዬ ተውኩት። መጀመሪያ አጣጥፌ አንድ ሜትር እንኳ እንዳይሞላ አደረግኩት። ገብታ ወጣች። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጭራዋ ይወዛወዛል። እኔ ጠገብኩ። ሙሉውን ዘረጋሁት።

በሙሉ ፍጥነት ገባች። መሀል ስትደርስ ዋሻው ተንከባለለ። መውጫው ታጠፈና ተዘጋ። አራት እግር ሸራው ውስጥ ሲንፈራገጥ ይታየኛል። ቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ጋ ተላትሞ ቆመ። ከውስጥ የወጣውን ድምፅ ከዳማ ሰምቼው አላውቅም። ሸራውን ፈልቅቄ ሳወጣት ሁለቱም ጆሮዋ ተኝቶ ነበር። ደባበስኳት፣ እግሯን አንድ በአንድ አየሁ። አልተጎዳችም። ግን ሶፋው ሥር ገባች፤ እስከ ማታ አልወጣችም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

ቀን 14

ዋሻውን ስታይ ክፍሉን ለቃ ወጣች። አነሳሁት። ዛሬ ጨዋታ ብቻ፤ ገመድ ጉተታ፣ ያሸነፈችውም እሷ ናት።

ቀን 16

የአሮጌ ሱሪ ሁለት እግር ቆረጥኩ። አሸዋ ሞልቼ ጫፍና ጫፉን አሰርኩ። ዋሻው አሁን ግራና ቀኝ እነዚህ ተደግፈውታል፤ በእግሬ ስገፋው አይነቃነቅም። ሙሉ በሙሉ አጣጥፌው ዋሻ መሆኑ ቀርቶ ቀለበት ሆኗል። የምሳ ሳህኗን ከእሱ ሁለት ሜትር ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። እየበላች በአንድ ዓይኗ ትጠብቀዋለች።

ቀን 19

ሳህኑ ቀለበቱ ሥር ደርሷል። ዛሬ እኔ ምንም ሳልል አንገቷን አስገባች። ጠቅ አላደረግኩም፣ አልጮኽኩም፣ ትንፋሼንም ያዝኩ። ወጣች። እንደገና አስገባች።

ቀን 20

ባልዲው እያናደደኝ ነው። «ዙሪ» ስላት አንዴ ትዞራለች፣ አንዴ እግሬ ሥር ትመጣለች፣ አንዴ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ትሄዳለች። ልትሰማኝ አልፈለገችም ብዬ ደመደምኩ። ዕድሜዋም ነው፤ በዘጠኝ፣ በአሥር ወር ውሻም ይጎረምሳል።

ስልኬን ጫማ ላይ አስደግፌ ቀረጽኩ። ማታ በዝግታ አየሁት።

«ዙሪ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ዳማ ቀድማ ወስናለች። ሁልጊዜ። ዓይኗ አፌ ላይ የለም፣ ፊቴ ላይም የለም። ወገቤና እግሬ አካባቢ ነው። በሳተች ቁጥር ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስኩት። ባልዲው በግራ፣ ቃሌ ወደ ግራ፣ ትከሻዬ ግን ወደ ቀኝ። ጉርሻው ያለው ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ገና ሳትዞር እጄ ወደዚያ ይሄዳል፣ ትከሻዬ እጄን ይከተላል፣ ዳማ ትከሻዬን ትከተላለች። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። አሥራ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።

ቀን 22

በአንድ ሜትር ዋሻ ሮጣ አለፈች። ጆሮዋ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን፤ ሁለት የአሸዋ ከረጢት መሥራት ግን የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር።

ቀን 23

የእህቴ ልጅ መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። ባልዲውን፣ እንጨቶቹን፣ አጭሩን ዋሻ አየችና «እኔም ላስሩጣት» አለች። ቃላቱን ላስተምራት ስል አልጠበቀችኝም። ተነሳችና ሮጠች። ምንም አልተናገረችም። ወደ ባልዲው አየች፣ ወደ ባልዲው ሄደች፤ ዳማ ዞረች። ወደ ዋሻው አየች፤ ዳማ ገባች። መውጫው ጋ ቆም አለች፤ ዳማ ወጥታ እሷ ጋ ቆመች። ንጹሕ ዙር። በሦስት ሳምንት አንድም እንደዚህ ያለ አልሠራሁም።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ልጅቷ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። ስጨርስ «አንተ ለምንድነው ወደ ኋላ እያየህ የምትሮጠው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ውሻዋ እየመጣች እንደሆነ ላረጋግጥ ነው የማየው። ዞር ስል ደረቴ ይዞራል። ደረቴ ከዞረ ለእሷ «ወደዚህ ነይ» ማለት ነው።

ቀን 24

ሥልጠና ያለ ውሻ። ዳማ መኝታ ቤት ተኝታለች። እኔ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን በባልዲና በወንበር ዙሪያ እሮጣለሁ። ወንበሩ ዳማ ነው። እናቴ ገባች፣ አየች፣ ምንም ሳትል በሩን ዘጋችው።

የምለማመደው ጎን መቀየር ነው። ሩጫው ላይ ውሻዋ አንዴ በግራዬ አንዴ በቀኜ መሆን አለባት። ለዚህ ሦስት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው ቀድሜያት እገኝና ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ጎን መቀየር ነው። ሁለተኛው እሷ ታልፈኛለች፣ እኔ ከኋላዋ እሻገራለሁ። ሦስተኛው ቀድሜ ጀርባዬን ሰጥቼ እሻገርና በሌላኛው ትከሻዬ ላይ እቀበላታለሁ። ሦስተኛው ፈጣን ነው፤ ግን ለአፍታ ከዓይን ትጠፋለች። ወደ ኋላ ማየት ለሚወድ ሰው መከራ ነው። ለጊዜው የመጀመሪያውን ብቻ ይዣለሁ።

የፍጥነት ነገርም አለ። ስፈጥን «ቀጥ በዪ፣ ራቂ» ነው። ቀነስ ሳደርግ «ሰብሰብ በዪ፣ ልንታጠፍ ነው» ነው። እኔ እስካሁን ባልዲው ጋ ልትደርስ ስትል በደስታ ስፈጥን ነበር። ከዚያ ለምን ሰፋ አድርጋ ዞረች ብዬ አዝናለሁ።

ጉርሻውን ከኪሴ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ በሳህን አስቀመጥኩት። አሁን ጠቅ ካልኩ በኋላ አብረን ሮጠን ሄደን ነው የምንወስደው። ሩጫው ራሱ ግማሽ ሽልማት ሆኗል።

ቀን 27

በቪዲዮ አሥር ሙከራ፣ ስምንቱ ልክ። በሁለቱ የሳትኩት እኔ ነኝ። ድምፄን አውጥቼ ሳይሆን አፌን ዘግቼ ነው የሠራሁት። ቃሉን ከነገ ወዲያ እመልሰዋለሁ፤ ሰውነቴ ከሚናገረው ትንሽ ቀደም ብሎ መምጣት አለበት። እኩል ከወጡ ሰውነትን ነው የምትሰማው።

ሳፋው ላይ አሁን ሙሉ ዙር፣ በሁለቱም በኩል።

ቀን 30

ጣውላ። ውድድር ላይ ያለው ከፍ ዝቅ የሚል ሚዛን ጣውላ ብዙ ውሻ ያስፈራል። ከፍታው ብቻ አይደለም፤ ከእግር ሥር ይከዳል፣ ከዚያ መሬቱን ሲመታ «ጓ!» ይላል። ክረምት ደግሞ ነጎድጓድ አለ። ዳማ ነጎድጓድ አትወድም።

ስለዚህ ጩኸቱን የእሷ አደረግነው። ከጣውላው መሀል ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አስገባሁ። ጫፉ የሚነሳው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። በሚወድቅበት ቦታ አራት እጥፍ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ሥራዋ የተነሳውን ጫፍ በፊት እግሯ መጫን ነው። ስትጫነው «ዱፍ» ይላል፣ ጉርሻ። መጀመሪያ ዘላ ሸሸች። ተመልሳ አሸተተችው። አንድ እግር፣ ዱፍ። ቆማ አሰበች። እንደገና፣ ዱፍ። ሦስተኛውን ሆን ብላ በጡጫ እንደሚመታ ሰው ነው የመታችው።

በየሁለት ቀኑ አንድ እጥፍ ብርድ ልብስ ይነሳል።

ቀን 33

ከሰዓት ነጎድጓድ ጮኸ። የጣውላ ሥራ አልነካሁም። ሶፋው ሥር አብሬያት ተጋደምኩ።

ቀን 35

ያው ጣውላ፣ ሌላ ሥራ። ድልድዩና ሚዛኑ መውረጃቸው ላይ 90 ሳንቲ ሜትር በሌላ ቀለም ይቀባል። ውሻው ቢያንስ አንድ እግሩን እዚያ ላይ ካላሳረፈ ስህተት ይያዝበታል። ከላይ ዘሎ መውረድ ትከሻና አንጓ ሊጎዳ ይችላል፤ ደንቡ ደኅንነቱን ለመጠበቅ ነው። ልማዱን ለማስያዝ አንዱ መንገድ ውሻው ጫፉ ላይ እንዲቆም ማስተማር ነው፦ ሁለቱ የፊቶቹ መሬት ላይ፣ ሁለቱ የኋላዎቹ ጣውላው ላይ።

ጣውላዬ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፍኩ። ውሻ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ሰማያዊና ቢጫ ግን ደህና አድርጎ ያያል። ዳማን መጨረሻው ጋ ቆሜ ጠበቅኳት። መጣች፣ የፊቶቹን አወረደች፣ ቆመች። የኋላዎቹ ሰማያዊው ላይ ናቸው። ለሦስት ቀን ያቀድኩት ሥራ በሁለተኛው ሙከራ አለቀ። የሳፋው ዕዳ እዚህ ተከፈለ። እግሮቹ የማን እንደሆኑ አሁን ታውቃለች።

ቀን 38

የዘንግ ነገር። ውድድር ላይ 12 ዘንግ ነው፣ በመሀላቸው 60 ሳንቲ ሜትር። 11 ክፍተት ማለት 6 ሜትር ከ60 ነው። ግድግዳ አፍርሼ ወጥ ቤት ካልገባሁ አይበቃኝም። ደግሞም ያን ሁሉ መጠማዘዝ ለዚህ ዕድሜ ወገብ አልፈልገውም።

ግን መግቢያውን ማስተማር ይቻላል። ደንቡ አንድ ነው፤ ከየትም ትምጣ የመጀመሪያው ዘንግ በግራ ትከሻዋ በኩል መሆን አለበት። አሸዋ የሞላባቸው ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አቆምኩ፣ በመሀላቸው ሰፋ ያለ ቦታ። በመሀል ስታልፍ ኳስ ወደ ፊት እወረውራለሁ። በትክክለኛው በኩል ካላለፈች ኳስ የለም፣ ቁጣም የለም። ቀጥ ብላ ስትመጣ ትችላለች። ከጎን ስትመጣ ግን ከሁለተኛው ጠርሙስ ጋር ትጋጫለች። ጠርሙሱን ከጣለች ይዛው ትሮጣለች። ይሄ የጫማው አመል ነው።

ቀን 41

ዛሬ ምንም አልሠራችም። ባልዲውን አየችው፣ ተኛች። እኔም ሥራ ላይ ተናድጄ ነበር የገባሁት። ሁለታችንም ተኛን።

ቀን 46

ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ግቢው ገና ርጥብ ነው፣ ግን አያዳልጥም። ባልዲውንና አንድ እንጨት ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ቀስ ብለን ተራመድን፣ ሰውነቷ እንዲሞቅ። ከዚያ ባልዲው ጋ ሄድን። ሳሎን ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የምትዞረውን ባልዲ አላየችውም። አጥሩ ሥር ሽታ አለ። ወፍ አለ። ጎረቤት ጋሼ በአጥሩ ላይ «ይቺ ውሻ ምን አጠፋች?» አሉኝ፤ ስሟን ደጋግሜ እየጠራሁ ነበር መሰለኝ። መጥራቴን ተውኩ።

ዝም ብዬ ባልዲውን አየሁት። ትከሻዬን ወደ እሱ አደረግኩ። ሮጥኩ። ወደ ኋላ አላየሁም። ይሄኛው ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ውሻዬ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። ባልዲው ጋ ስደርስ ቀነስ አደረግኩ። የርጥብ መዳፍ ድምፅ በግራዬ አለፈ። ባልዲውን ጠባብ አድርጋ ዞረችው። እንጨቱን ተሻግራ መጣች። ጭቃ የነካው እግሯ ሱሪዬ ላይ አረፈ።

አንዴ ብቻ። አልደገምኩትም። ባልዲውን እዚያው ግቢ ውስጥ ተውኩት፤ ነገ ሦስት ሜትር ወደ አጥሩ አርቀዋለሁ።